በአውቶቡስ ወደ እሳተ ገሞራ፦ ደርሶ መልስ ጉዞ ላሰቡ አንባቢዎች

ለጉዞ ዓምዳችን በዚህ ሰሞን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የዕረፍት ቀናቸውን ተጠቅመው በአውቶቡስ እሳተ ገሞራ አይተው በዚያው ቀን ለመመለስ ካሰቡ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል ርቀቱንና ዋጋውን ይጠይቃሉ። ከፍታውን የጠየቁን ግን ጥቂት ናቸው። የዚህ ዓይነቱን ቀን የሚያበላሸውም የሚያሳምረውም በአብዛኛው ከፍታው ስለሆነ፣ መልሶቻችን ላይ ደጋግመን አንስተነዋል።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው «የ10 ሰዓት የእሳተ ገሞራ ጉብኝት» ይላል። ተራራው ላይ ምን ያህል እንደምንቆይ ግን አይናገርም። ከመክፈሌ በፊት ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ከ10 ሰዓቱ አብዛኛው የሚያልቀው ወንበር ላይ ነው፤ እስቲ አብረን እናስላው። አውቶቡሱ ከየሆቴሉ ሰው ለመሰብሰብ አንድ ሰዓት ገደማ ይዞራል። መሄጃው ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን መመለሻውም ያንኑ ያህል ነው። ለምሳ አንድ ሰዓት፣ በመንገድ ላይ ለመጸዳጃና ለቡና ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ተሳፋሪውን በየቦታው ለማውረድ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ስምንት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ከቀረው ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ 50 ሰው በሁለት በር ወርዶ፣ መጸዳጃ ቤት ተሰልፎና ትኬት አሳይቶ እስኪገባ ድረስ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ስለዚህ አስጎብኚ ድርጅቱን «ጉዞው ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ሳይሆን «አውቶቡሱ ተራራው ላይ ከቆመበት ደቂቃ እስከሚነሳበት ደቂቃ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ከሆነና የእግር መንገድ ካለበት አይግዙት።

ቀጥሎ የሚጠየቀው አውቶቡሱ የሚቆምበት ከፍታ ነው። «ወደ እሳተ ገሞራ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ጣሊያን ውስጥ በቬሱቪየስ አውቶቡስ እስከ 1,000 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከዚያ እስከ አፉ (ላቫና ጋዝ የሚወጣበት ጎድጓዳ) ጠርዝ ያለው በጠጠር መንገድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጅ አቀበት በእግር ነው። በኤትና አውቶቡሱ የሚቆመው 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ 2,500 ሜትር የሚያደርሰው ኬብል ካር (በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያወጣው)፣ ከዚያ በላይ የሚወስደው መኪናና መንገድ መሪው ሰው ብዙ ጊዜ ለብቻ የሚከፈልባቸው ናቸው። እዚያው አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያሉት የሲልቬስትሪ አፎች (እ.ኤ.አ. በ1892 በፈነዳው እሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው) ለእግረኛ ቀላል ስለሆኑ፣ ርካሹ ትኬት «ኤትና» ብሎ የሚያሳየው እነሱን ብቻ ሊሆን ይችላል። መጥፎ ጉብኝት አይደለም፤ ነገር ግን ቀድመው ይወቁት። በስፔኗ ላንዛሮቴ ደሴት ባለው በቲማንፋያ ደግሞ አውቶቡሱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ በላቫው መካከል ሲዞር ከመኪናው መውረድ ክልክል ነው። እዚያ የእግር ጉዞ የጠበቀ ሰው አዝኖ ይመለሳል፤ መራመድ ለሚከብደው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

የመግቢያ ትኬቱንም ያጣሩ። ለቬሱቪየስ አፍ ትኬት የሚገዛው አስቀድሞ በኢንተርኔት፣ ቀንና ሰዓት ተመርጦ ነው። ድርጅቱ «መግቢያ አይጨምርም» ካለና እርስዎ ሳይገዙ ከሄዱ፣ ማቆሚያው ላይ ቆመው ሌሎች ሲወጡ ማየት ይሆናል ዕጣዎ። ከተቻለ ማለዳ የሚነሳውን ይምረጡ፤ ፀሐይ ተዳፋቱን እያሞቀች ስትሄድ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይነሳና ከረፋዱ በኋላ ብዙ ተራሮች ራሳቸውን በደመና ይሸፍናሉ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ጉዞአችን ሾፌሩ ምንም በሌለበት ቦታ 45 ደቂቃ አቁሞ አስቀመጠን። ዘግይተን ደረስን። ይህ መብቱ ነው?

መልስ፦ ግዴታው ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የአውቶቡስ ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ በድምሩ የ45 ደቂቃ ዕረፍት መውሰድ አለበት፤ በቀን የሚነዳውም በመደበኛው ከ9 ሰዓት አይበልጥም። አውቶቡሱ ላይ ያለው መሣሪያ እያንዳንዷን ደቂቃ ይመዘግባል። ጥፋት ካለ ዕረፍቱን ከምሳው ወይም ከተራራው ቆይታ ጋር ሳያገጥም ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ላይ ነው። ተሳፋሪ አርፍዶ ሲመጣ ሾፌሩ የማይታገሠውም በዚሁ ሕግ የተነሳ ስለሆነ፣ የመመለሻ ሰዓቱን ስልክዎ ላይ ደወል ይሙሉበት።

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት ልጄና የልብ ሕመም ካለባቸው እናቴ ጋር ወደ ቴይዴ ልንሄድ ነው። ከባሕር ዳርቻው ሆቴል ተነስተን በዚያው ቀን እንመለሳለን። ከፍታው ያስቸግራቸዋል?

መልስ፦ በስፔኗ ቴነሪፌ ደሴት ያለውን የቴይዴን ከፍታ በሁለት ከፍለው ይዩት። የኬብል ካሩ የታችኛው ጣቢያ 2,356 ሜትር ላይ ነው፤ የላይኛው 3,555 ሜትር። በመካከላቸው ያለው ጉዞ 8 ደቂቃ ብቻ ነው። ማለትም ቁርስዎን በባሕር ወለል ላይ የበሉ ሰው ረፋዱ ላይ ከለመደው ኦክስጅን ሁለት ሦስተኛው ብቻ ባለበት አየር ውስጥ ይቆማል። ጤነኛ ሰውም ጥቂት ደረጃ ሲወጣ ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ አንዳንዱን ራሱን ያዞረዋል። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው በቀናት ነው፤ የደርሶ መልስ ጉዞ ይህን ጊዜ አይሰጥም።

ለእናትዎ የምንመክረው ከታችኛው ጣቢያ በላይ እንዳይወጡ ነው። 2,356 ሜትርም ቢሆን ለልብ ሕመምተኛ ትንሽ ስላልሆነ፣ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ቁጥሩን ጠቅሰው ይጠይቁ። «ተራራ ልወጣ ነው» ከማለት «በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባሕር ወለል ወደ 2,356 ሜትር እወጣለሁ፣ አንድ ሰዓት ቆይቼ እመለሳለሁ» ማለት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ለሕፃኑም ያው ነው። ልጁ ራሱን እንዳመመው ሊነግርዎ አይችልም፤ የሚያዩት መነጫነጭ፣ ምግብ እምቢ ማለትና ከልማዱ ውጭ መፍዘዝ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይህን ካዩ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ጥቂት መቶ ሜትር ዝቅ ማለት እንኳ ለውጥ ያመጣል። አውቶቡሱ ሲወርድ ደግሞ ጆሮው ይደፈናል። በዚያ ሰዓት ጡት፣ ጡጦ ወይም ውኃ ይስጡት፤ መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል።

ለሁላችሁም ዝግ ብሎ መራመድ፣ ውኃ ደጋግሞ መጎንጨት፣ ከባድ ቁርስና አልኮል መተው ይበቃል። ከላይኛው ጣቢያ እስከ ጫፉ (3,715 ሜትር) ያለው የመጨረሻው መንገድ ልዩ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ የአውቶቡስ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ባሕር ውስጥ በአየር ታንክ እጠልቃለሁ፤ እሑድ ጠዋት ወደ እሳተ ገሞራው የሚሄድ አውቶቡስ ይዣለሁ። ጓደኛዬ «አይሆንም» አለኝ። አውሮፕላን አልሳፈርም እኮ!

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ሰውነት አውሮፕላንና ተራራን አይለይም። ከጥልቁ ውኃ በታች በግፊት ወደ ደምና ወደ ሥጋ የገባው ናይትሮጅን በትንፋሽ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ሳይወጣ የአየሩ ግፊት ድንገት ከቀነሰ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲከፋም ነርቭን ይጎዳል። የመጥለቅ ደኅንነት መመሪያዎች ከመብረር በፊት አንዴ ብቻ ከተጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ተደጋግሞ ከተጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይላሉ። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር የሚመጣጠን ነው፤ እርስዎ በኬብል ካር የሚወጡት ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ 24 ሰዓት ሙሉ ይጠብቁ፤ ቢጨምሩበት ይመረጣል። ኬብል ካሩን ብተወው አይሉ፤ መንገዱ ራሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ሊያልፍ ይችላል። ፕሮግራሙን ቢገለብጡት፣ ማለትም ተራራውን ቅዳሜ፣ ባሕሩን እሑድ ቢያደርጉት ጭንቀቱ ሁሉ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በሙቀቱ ወቅት ነው የምንሄደው። ነጠላ ጫማና ቁምጣ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ዳር 28 ዲግሪ ከሆነ 3,500 ሜትር ላይ 5 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ያውም ነፋሱን ሳንቆጥር። ንፋስ የማያስገባ ጃኬትና አንድ ሹራብ በእጅ ቦርሳዎ ይያዙ፤ ከአውቶቡሱ ሥር ባለው ዕቃ መጫኛ ካስገቡት ሾፌሩ ምሳ እየበላ ሳለ አያገኙትም። ፀሐዩ ደግሞ በተቃራኒው ይበረታል፤ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ብርዱ ሳያታልልዎ ባርኔጣ፣ መነጽርና የፀሐይ ቅባት ያድርጉ።

ጫማው ላይ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከወንዝ ጠጠር ይለያል። ውኃ አላለሰለሰውም፤ ውስጡ በአረፋ የተቦረቦረ፣ ጠርዙ እንደተሰበረ የቀረ ነው። ሲረገጥ ይንከባለላል፣ ሲወድቁበት መዳፍና ጉልበት ይልጣል። ነጠላ ጫማ ከለበሱ በአሥር እርምጃ ውስጥ ጠጠሩ ከእግርዎ ሥር ይገባል። አዲስ ጫማም አይምረጡ። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቀድሞ የተለመደ ጫማ፣ ወፍራም ካልሲና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሱሪ ያስፈልጋል። የሱሪውን ጫፍ በካልሲው ላይ ቢያስሩት ጠጠር አይገባም።

ሲወጡ ትንንሽ እርምጃ ይውሰዱ፤ ሌሎች በረገጡት፣ በተጠቀጠቀው መሐል መንገድ ይሂዱ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው። ሰውየው ይፈራና ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ያኔ ክብደቱ ከእግሩ ላይ ይነሳና ጠጠሩ ከሥሩ ይሸሻል። ጉልበትን ለስለስ አድርጎ ማጠፍ፣ ደረትን በእግር ትይዩ ማቆየት፣ ተረከዝን ቀድሞ መትከል፣ እጅን ከኪስ ማውጣት። የሚታጠፍ የእግር ጉዞ ዘንግ ካለ አንድ እንኳ ይበቃል። በመንገዱ ዳር ያለው ጥቁር፣ ሻካራ የላቫ ሜዳ ላይ ለፎቶ አይውጡ፤ ጠንካራ የሚመስለው ቅርፊት ሥር ባዶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያስመልሰኛል። የት ልቀመጥ? መድኃኒትስ?

መልስ፦ ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መካከል፣ ወደ ፊት የቀረበ ወንበር ይምረጡ። ከኋላ ጎማ በስተኋላ ያለው የአውቶቡሱ ጅራት በእያንዳንዱ መታጠፊያ ወደ ጎን ስለሚወረወር ለእርስዎ ከሁሉም የከፋው ነው። ባለ ሁለት ፎቅ ከሆነ ከታች ይቀመጡ። ዓይንዎን መንገዱ ወይም አድማሱ ላይ ያሳርፉ፤ ስልክ ማንበብ ዓይን «ቆሜያለሁ» ጆሮ «እየዞርኩ ነው» እንዲሉ ስለሚያደርግ ሕመሙን ይጠራዋል። የጉዞ ማስታወክን የሚከላከለው ክኒን የሚሠራው ከመነሳት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት ሲወሰድ ነው፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ብዙ አይረዳም። አብዛኛው ያስተኛል፣ አፍ ያደርቃል። ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና የዓይን ግፊት ላለበት ሰው ፋርማሲስት ሳይጠይቁ አይስጡ። ባዶ ሆድ ይብሳል፤ ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት ቀምሰው ይነሱ።

ጥያቄ፦ አስም አለብኝ። ከአፉ የሚወጣው ጭስ ይጎዳኛል? የሕክምና ማስክ አድርጌ ብሄድስ?

መልስ፦ ማስኩ አያድንዎትም። ተራው የሕክምና ማስክም፣ አቧራ አጣሪው ወፍራም ማስክም ጋዝን አያስቀሩም፤ ወፍራሙ የሚጠቅመው ለአመድ ነው። አስም ላለበት ሰው ዋናው ጠላት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው፤ አዲስ እንደተጫረ ክብሪት ይሸታል፣ ጉሮሮን ይከረክራል። ጤነኛው አጠገብዎ ቆሞ ምንም ሳይሰማው የእርስዎ የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጠብ ይችላል። በጃፓን በአሶ ተራራ የናካዳኬ አፍ አስም፣ ብሮንካይትስና የልብ ሕመም ላለባቸው ጎብኚዎች ክልክል የሆነው፣ ጋዙ ሲጨምርም ለሁሉም የሚዘጋው ለዚህ ነው። እንዲህ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ባለበት ቦታ ከአውቶቡሱ አይውረዱ።

ጋዝ በማይበዛበት አፍ ግን መሄድ ይችላሉ። የሚነፋውን መድኃኒት ኪስዎ ውስጥ ይያዙ፤ አውቶቡስ ውስጥ የቀረ መድኃኒት የለም ማለት ነው። ከመውጣትዎ በፊት ጭሱ ወዴት እንደሚነዳ ይዩና ነፋሱ ከጀርባዎ ወደ አፉ በሚነፍስበት በኩል ይቁሙ። ነፋሱ ከዞረ ፎቶውን ትተው ይመለሱ።

አስም ለሌላቸውም ሁለት ነገር እንጨምር። እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱም ይሸታል፤ በጣም ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ስለዚህ ጠንካራ ሽታ ድንገት ጠፋ ማለት አየሩ ነጻ ሆነ ማለት ላይሆን ይችላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም። ከአየር ስለሚከብድ ነፋስ በሌለበት ቀን ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ይተኛል። ልጆች ለመደበቅም ሆነ ድንጋይ ለመፈለግ ወደ ጉድጓድና ዋሻ እንዳይወርዱ።

የዓይን ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ያን ቀን መነጽር ያድርጉ። አመድ የተፈጨ ዓለትና መስታወት ነው፤ የካሜራ መስተዋት ላይ ሲያርፍም በጨርቅ ከጠረጉት ይቧጭረዋል። እፍ ብለው ወይም በአየር መንፊያ ያራግፉት።

ጥያቄ፦ ላቫ ሲፈስ እናያለን?

መልስ፦ በአብዛኛው አታዩም። ቬሱቪየስ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው፤ በቲማንፋያ ዛሬ የምታዩት መሬት በዋናነት እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1736 የፈሰሰው ነው። የምታዩት ትልቅ ጎድጓዳ አፍ፣ ባለ ቀለም ግድግዳ፣ አልፎ አልፎ እንፋሎት ነው። በቲማንፋያ ግን ሙቀቱ ሕያው ነው፤ ጥቂት ሜትር ወደ ታች መቶዎች ዲግሪ ስለሚደርስ፣ ሠራተኞቹ ቧንቧ ውስጥ ውኃ ሲያፈሱ በቅጽበት በእንፋሎት ተመልሶ ይወረወራል። ላቫ ባለበት ተራራም ቢሆን ፍሙ በደንብ የሚታየው ሲጨልም ነው። ከሰዓት በኋላ የሚመለስ አውቶቡስ ይህን አያሳይም።

ጥያቄ፦ እኛ እያለን ቢፈነዳስ? አስጎብኚው «ምንም ችግር የለም፣ ደረጃው ዝቅተኛ ነው» ይላል።

መልስ፦ የማስጠንቀቂያ ደረጃ ጠቃሚ ነው፤ ዋስትና ግን አይደለም። በጃፓን የኦንታኬ ተራራ እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2014 ሲፈነዳ ደረጃው 1 ማለትም ዝቅተኛው ነበር፤ 63 ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፉ። በኒውዚላንድ የዋካሪ ደሴት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 2019 ሲፈነዳ 47 ሰዎች እዚያ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከሽርሽር መርከብ የወረዱ የአንድ ቀን ጎብኚዎች ነበሩ። 22ቱ ሞቱ። እዚያ ደግሞ ደረጃው ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ 2 ከፍ ተደርጎ ነበር፤ ጉብኝቱ ግን አልቆመም።

ሁለቱም ከእንፋሎት የመጡ ፍንዳታዎች ናቸው። ከመሬት በታች የታመቀ ትኩስ ውኃ ግፊቱ ሲለቀው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ውኃ በተራ የአየር ግፊት ሲፈላ መጠኑ 1,700 ጊዜ ያህል ይሰፋል። አዲስ ላቫ መውጣት ስለማያስፈልገው የመሬት መንቀጥቀጡ ምልክት ትንሽ ወይም ዘግይቶ የሚመጣ ነው። አፉ ውስጥ ፍል ውኃ፣ የሚንተከተክ ጭቃ ወይም ብዙ እንፋሎት ያለበት ተራራ ከቀዝቃዛው ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከአስጎብኚው ቃል ይልቅ የአገሩ የእሳተ ገሞራ ክትትል ተቋም በዋዜማውና በማለዳው ያወጣውን ያንብቡ። ደረጃው በቅርብ ሳምንታት ከፍ ካለ ጉዞውን ይተዉት፤ ገንዘቡ ባይመለስም። ሄደው ድንገት ፍንዳታ ከሰሙ የመጀመሪያው አደጋ የሚወድቀው ድንጋይ ነው። ጀርባዎን ሰጥተው በጭፍን አይሩጡ። መጠለያ ካለ ይግቡ፤ ከሌለ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ተጠግተው ቦርሳዎን ጭንቅላትዎ ላይ ያድርጉ። ድንጋዩ ጋብ ሲል ከአፉ ይራቁ፤ ሸለቆና ቦይ ውስጥ ግን አይውረዱ፤ ትኩሱ አመድ፣ ጋዝና ጭቃ የሚፈሰው በዚያ ነው። በቦታው የራስ ቁር የሚሰጡ ከሆነ ማሰሪያውን ሳያላሉ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ነፋስ ሆኖ ኬብል ካሩ ቢዘጋ ገንዘባችን ይመለሳል?

መልስ፦ የኬብል ካሩ ይመለስ ይሆናል፤ የአውቶቡሱ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም፣ ምክንያቱም አውቶቡሱ ሄዷል። ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱ ለየብቻ ተጽፈው ይዩ። የሚዘጋው በሜዳው ነፋስ ሳይሆን በላይኛው ጣቢያ ነፋስ ስለሆነ፣ ሆቴሉ በር ላይ ቅጠል አለመንቀሳቀሱ ምንም አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ ልጄ አንድ ትንሽ የላቫ ድንጋይ ይዞ ቢመለስ?

መልስ፦ እንዲመልሰው ያድርጉ። በቴይዴም፣ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችም (የሃዋይ እሳተ ገሞራዎች ፓርክን ጨምሮ) ድንጋይ መውሰድ ክልክል ነው፤ ትንሽም ቢሆን። ልጁ ድንጋዩን ከእጁ ጋር ፎቶ እንዲያነሳው፣ ክብደቱንና ቀዳዳዎቹን እንዲያይ ጊዜ ይስጡት፤ ከዚያ ያገኘበት ቦታ ያስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ሲወርዱ አውቶቡሱ በጣም ይጮኻል፤ አንዴ ደግሞ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ፍሬኑ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ጩኸቱ ጥሩ ምልክት ነው። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ እያወረደ ሞተሩን ለማዘግየት እየተጠቀመበት ነው። ብዙ አውቶቡሶች ከዚህ በተጨማሪ ከፍሬኑ የተለየ ማዘግያ መሣሪያ አላቸው። ፍሬን ብቻውን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲረገጥ እንቅስቃሴው ሁሉ ሙቀት ይሆናል፤ ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ይቀንሳል። የሚያሳስበው ሽታው ነው። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ከተሰማዎት ለሾፌሩ ወዲያው ይንገሩ፤ ከኋላ ወንበር ያለ ሰው ከሾፌሩ ቀድሞ ሊሸተው ይችላል። ትክክለኛው እርምጃ ሰፋ ባለ ቦታ ማቆም፣ ጎማዎቹ እስኪቀዘቅዙ መጠበቅ፣ ከዚያ በቀድሞው ማርሽ ሳይሆን አንድ ዝቅ ባለው ማርሽ መውረድ ነው። ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ የጋለው ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሾፌሩ አልሰማም ብሎ በዚያው ፍጥነት ከቀጠለ አስጎብኚውን እንዲያስቆመው ይጠይቁ። ከተነሱበት እስኪደርሱ ድረስም ቀበቶዎን አይፍቱ።